ሆድ የደበቀው፣ ኩላሊት የከፈለው

በአማርኛ ሆድ የምስጢር ጎተራ ነው። የከፋንን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንውጣለን፤ ቻዩን ሰው «ሆደ ሰፊ» እያልን እናመሰግናለን። ኩላሊት ግን ሌላ ማዕረግ አለው። መዝሙረ ዳዊት ከልብ ጋር ያነሣዋል፤ የተሰወረ ሐሳብ የሚመረመርበት ቦታ ያደርገዋል። የቆየ የአንጀት መቆጣት ይዟቸው ኩላሊታቸው የሚጎዳ ወጣቶችን ሳስብ፣ ይህ የጥንት ዕይታ ለእነርሱ የተባለ ይመስለኛል፤ ሆዳቸው የደበቀውን የሚናገረው ኩላሊታቸው ነውና።

ከወልቂጤ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣት እናስብ። መንገዱ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ አልፎ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሆዱ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ሹፌሩን «አቁምልኝ» ማለት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ከማታ ጀምሮ ውኃ አይቀምስም። የገዛት የታሸገች ውኃ ሳትከፈት አብራው አዲስ አበባ ትገባለች። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣ ሰውነት ሽንቱ ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት ጠጠር ይቋጥራል።

ሌላም መንገድ አለ። ክሮን የሚባለው በሽታ ትንሹን አንጀት ሲያቆስል ስብ በደንብ አይመጠጥም። ካልሲየም ከተረፈው ስብ ጋር ይጣበቃል። ካልሲየም አስሮ ከሰገራ ጋር ሊያስወጣው የሚገባው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ አሳሪ ያጣና በትልቁ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ላይ ደርሶ ድንጋይ ይሆናል። ለመስቀል ቡታጅራ የገባ ልጅ፣ ቅቤ የጠገበ ክትፎ ከነቀንድ ማንኪያው ሲቀርብለት «ይበቃኛል እማዬ» ቢል እናቱን መናቁ አይደለም። ምክንያቱን ካልነገራት ግን ከማዘን በቀር ምን ታደርጋለች?

መድኃኒትም ጣጣ አለው። ለአንጀት የሚታዘዘው ሜሳላዚን በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም ያስቆጣል፤ የሚያጋልጠው የደምና የሽንት ምርመራ ነው። ቁርጠቱን ለማስታገስ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ አንጀቱንም ኩላሊቱንም ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ የአንጀቱ ሕመም ስሙን ቶሎ አያገኝም፤ አንዴ አሜባ፣ አንዴ ጨጓራ ይባላል። የአንጀት ቲቢ ከክሮን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ሐኪሙንም ይፈትናል።

ኩላሊቱ ጨርሶ ለደከመ ሰው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ለጋሹ ግን በአብዛኛው የሥጋ ዘመድ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች እዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ለደረሰው ግን ከቤተሰቡ የሸሸገው ምስጢር ተመልሶ የወንድሙን ኩላሊት ይጠይቃል።

ቡታጅራ ሕመምን አውጥቶ መናገርን ለአገር ማስተማር የምትችል ከተማ ናት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዙሪያዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞትን መዝግበዋል። የየጎጆው ሕመም በጠያቂ ፊት መነገር የሚችል ነገር መሆኑን ያ ሥራ አሳይቷል።

ቻይነት መልካም ጠባይ ነው፤ ደም የተቀላቀለበትን ሰገራ ችሎ መኖር ግን ጀግንነት አይደለም። ተቅማጥህ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ክብደትህ ከቀነሰ፣ ለሐኪም ተናገር። አንጀትህ በሕክምና ላይ ከሆነም ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የደም ክሬአቲኒንህንና ሽንትህን በየጊዜው አስመርምር። እናንተም ወላጆች፣ ልጁ ከማዕድ ሲሸሽ አትቆጡት፤ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት።