እውነተኛው ብርጭቆ የትኛው ነው?

እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በ1927 እ.ኤ.አ. ኤዲንብራ ላይ ባደረጋቸው ንግግሮች፣ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ሁለት እንደሆነ ተናገረ። አንዱ እጅ የሚዳስሰው ጠጣሩ፣ ሌላው ሳይንስ የሚያውቀው፣ አብዛኛው ባዶ ቦታ የሆነው ነው። በእውን ያለው ሁለተኛው ነው ብሎም ፈረደ። ከእርሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ዴሞክሪተስም ከአቶምና ከባዶ ቦታ በቀር ጣዕሙም ቀለሙም የሰው ልማድ ነው ይል ነበር።

ፍርዱ አንድ የሻይ ብርጭቆ ፊት ሲቀርብ ይንገዳገዳል።

ወፈር ያለ ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ ንዝረቱ በመስታወቱ ውስጥ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይከንፋል፤ በአየር ውስጥ ድምፅ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ለማቋረጥ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይፈጅበትም። የፈላ ሻይ ሲቀዳበት ግን ሙቀቱ ወደ ውጭ ለመዝለቅ ሰከንዶች ይወስዳል። ውስጡ ሲለጠጥ ውጩ ገና ቀዝቃዛ ነውና መስታወቱ ይወጠራል፤ አንዳንዴም ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ስሱ ብርጭቆ ፍል ነገር ከወፍራሙ በተሻለ የሚችለው ለዚህ ነው።

ድምፁም ሙቀቱም የእነዚያው፣ በዋናነት የሲሊከንና የኦክስጅን፣ አቶሞች ንዝረት ናቸው። አቶሞቹ እንደ ክሪስታል አልተሰለፉም፤ ተዘበራርቀው ቆመዋል። ረጅሙ የድምፅ ሞገድ እልፍ አእላፍ አቶሞችን በአንዴ ስለሚያቅፍ ዝብርቅርቁ አያግደውም። ሙቀት የሚሸከሙት አጫጭር ንዝረቶች ግን በየጥቂቱ አቶም እየተጋጩ ይበተናሉ። ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራው ክሪስታል፣ ኳርትዝ፣ ሙቀትን ከመስታወት በብዙ እጥፍ ያስተላልፋል።

ከማንኪያው ጫፍ ተነሥቶ ጆሮ የሚደርስ አንድም አቶም የለም። ሁሉም በየቦታው ይርገበገባል፤ የሚሄደው ሞገዱ ነው። ያለ አቶም ሞገድ የለም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ወፍራሙ ለምን ተሰነጠቀ ለሚለው ጥያቄ ማንኛውም አቶም ለብቻው መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው በውፍረቱ ነው፣ ውፍረት ደግሞ የሚዳሰሰው ብርጭቆ ባሕርይ ነው። ያን ብርጭቆ ከእውን ዓለም ማስወጣት ግፍ ነው።

ዴሞክሪተስም ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ መልሱ ከአቶሞች ዘንድ የሚፈለግ ጥያቄም አለ። ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አጫጭሮቹ ንዝረቶች ስለሚከስሙ፣ ሙቀቱን ረጃጅሞቹ ሞገዶች ብቻ ተሸክመው መስታወት እንደ ክሪስታል ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ዜለርና ፖል በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጡት ልኬት ይህን አፈረሰ። በዓመቱ አንደርሰንና ባልደረቦቹ፣ ለብቻውም ፊሊፕስ፣ ጥቃቅን የአቶም ቡድኖች በሁለት ተቀራራቢ አቀማመጦች መካከል እየዋለሉ ረጃጅሞቹን ሞገዶች እንደሚያውኩ ሐሳብ አቀረቡ። ቡድኖቹ በትክክል ከየትኞቹ አቶሞች እንደተውጣጡ እስከ ዛሬ ያከራክራል።