ደመወዙ አገርን ለመልቀቅ ይበቃልን?

አንድ የንስሐ ልጃችን ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ፥ «አባቴ ሆይ፥ በዱባይ ሆቴል የአስተናጋጅነት ሥራ ተገኝቶልኛል፤ ደመወዙ አገርን ለመልቀቅ ይበቃልን?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የገንዘብ ቢመስልም የነፍስም ነው።

ጌታችን እንዳስተማረን፥ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ይቈጥራል። እንግዲህ ማደሪያው፥ ምግቡና መጓጓዣው በማን እንደ ሆነ በውሉ ይመርመር፤ የጉዞው ዕዳም ይቀነስ። በ2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የዚያ አገር የሥራ ሕግ የቅጥርን ወጪ ከሠራተኛው መቀበልን ይከለክላልና፥ ገንዘብ አምጣ የሚለውን ደላላ ይጠርጥር። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት ሲያገለግል ደመወዙ ዐሥር ጊዜ ተለዋውጦበታል፤ በቃል ብቻ የተነገረ ደመወዝም እንዲሁ ነው።

ዳግመኛም በውል የማይጻፍ ወጪ አለ። እንግዳን መቀበል የአብርሃም ሥራ ስለ ሆነ አያሳፍርም፤ ነገር ግን ሆቴል እሑድንና በዓልን አይለይም። ቅዳሴ የሚያደርስበት ቀን፥ ጾሙን የሚጠብቅበት ማዕድ፥ ወላጆቹን የሚጠይቅበት ዕረፍት ከሌለው ይህም ከደመወዙ ይቀነስ።

እኛ ካህናት ግን የተቸገረውን ልጅ «አትሂድ» ብቻ ብንለው ሸክሙን አላነሣንለትም። አቤሜሌክ ከራብ ሸሽቶ ወደ ሞዓብ ወረደ፤ በዚያም ቀረ። ያዕቆብ ግን ተመለሰ፤ ሲሄድ ከአምላኩ ጥበቃ ጋር የለመነው እንጀራና ልብስን፥ ወደ አባቱም ቤት በሰላም መመለስን ነበርና።

ስለዚህ፥ ልጃችን ሆይ፥ የምትሄድበትን ምክንያትና የምትመለስበትን ጊዜ አስቀድመህ ወስን። ልክ ለሌለው ምኞት የትኛውም ደመወዝ አይበቃም። የአባቶቻችን አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ አሜን።