ያዳነ ወይስ የወሰደ?

ታይታኒክ በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰጠመች። ከ3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት የወጡት ሳህኖቿና የሽቶ ብልቃጦቿ ዛሬ በኤግዚቢሽን ይታያሉ። ያወጣቸው አዳኝ ነው፤ ባሕርን ማን ይከሳል?

ስለ መቅደላ ቅርስም «ባይወሰድ ይጠፋ ነበር» የሚል ክርክር አለ። መቅደላ ግን የሰጠመ መርከብ አልነበረም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ገብቶ ዘረፈው።

እሺ፣ ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ነው። ከተዘረፈው ብዙው የአፄ ቴዎድሮስም አልነበረም። በ1866 ጎንደርን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወስደዋል። ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት እንደሆነ ይታመናል። ለጋይንት ሰው ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም፦ ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጎተተው በጋይንት በኩል ነው፤ የበጌምድር ገበሬም በንጉሡ ጦር ተዘርፏል።

ታዲያ «ሌባ የሌባን ሰረቀ» ብለን እንለፈው?

አይሆንም። ጊት ላይ የሆነ ነገር ሲበላሽ የኮሚቱን ታሪክ እስከ መጀመሪያው ድረስ እናያለን እንጂ የመጨረሻውን ሰው ነፃ አናወጣም። የመካከለኛው እጅ መቆሸሽ የመጨረሻውን እጅ ባለቤት አያደርገውም። ሙዚየሙ በ2018 የረጅም ጊዜ ውሰት የሚል ሐሳብ አነሳ። የሚያውሰው ግን ባለቤት ነው።

ታሪኩን እስከ መጀመሪያው ማየት እኛንም ይይዘናል። ዘውዱ ነገ ቢመለስ የሚገባው አዲስ አበባ መስታወት ውስጥ ነው ወይስ ቁስቋም? ለንደንን የጠየቅነውን ያኔ ራሳችንን መጠየቅ ይኖርብናል።