የሁለት ብቸኞች ቃል ኪዳን

ወንድምን እናት ትወልድልናለች እንጂ እኛ አንመርጠውም፤ ወዳጅ ግን በፈቃድ የሚመረጥ ነው። ሰውም ወዳጅ ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመውን፣ የሚያስከብረውን፣ በማዕርግና በሀብት የሚመስለውን ይፈልጋል። እግዚአብሔር ግን ማንም ያላሰባቸውን፣ ሁለቱም የተገፉ ሰዎች አገናኝቶ አንዱን ለሌላው ምርኩዝ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። በዚህ ወር ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የተጻፈውን የዳዊትንና የዮናታንን ፍቅር ያልሰማ ክርስቲያን አይገኝም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናስበው የንጉሥ ልጅና ጎልያድን የጣለ ጀግና በክብር ቀን እንደ ተዋደዱ አድርገን ነው። ታሪኩን ከፍ ብለን ስንመለከት ግን ሁለቱም በአባታቸው ቤት ብቸኞች እንደ ነበሩ እንረዳለን። ዳዊት ከእሴይ ስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር፤ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ በመጣ ጊዜ ሰባቱ ወንድሞቹ ሲቀርቡ እርሱን ያሰበው አልነበረም፤ በጎች ይጠብቅ ነበርና። ለወንድሞቹ ስንቅ ይዞ ወደ ጦር ሰፈር በወረደ ጊዜም ታላቁ ኤልያብ ተቈጣው። ዮናታንም የንጉሥ ልጅ ይሁን እንጂ፣ የአባቱን መሐላ ሳይሰማ ጥቂት ማር ስለ ቀመሰ ሳኦል ሊገድለው ቈርጦ ነበር፤ ያዳነው ሕዝቡ ነው። እንግዲህ አንዱ በአባቱ ቤት የተረሳ፣ ሁለተኛው በአባቱ ፍርድ ከሞት አፋፍ የደረሰ ነበር።

በሰው ሥርዓት ቢሆን በመካከላቸው የሚገባው ጠላትነት ነበር፤ ዳዊት ከነገሠ ዮናታን ዙፋኑን ያጣልና። ዮናታን ግን መጐናጸፊያውን፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን አውልቆ ለእረኛው ሰጠ። ስለ እርሱ በተከራከረም ጊዜ ሳኦል በገዛ ልጁ ላይ ጦር ወረወረ።

እኛም በልጅነታችን በጎጃም ቅኔ ስንማር ያየነውን እንመስክር። በጉባኤው ሁለት ብላቴኖች ነበሩ። አንዱ በሕፃንነቱ በኩፍኝ ዐይኑ የጠፋ፤ ሁለተኛው በ1977 ዓ.ም. ረኃብ እናት አባቱን አጥቶ ከላስታ የመጣ፣ አንደበቱም የሚተባተብ ነበር። ዐይነ ስውሩን መምራት ያደክማል ተብሎ፣ የላስታው ልጅም ቅኔ ሲዘርፍ ስለሚሣቅበት፣ ጎጆውን የሚያካፍላቸው አልተገኘም። የእኛ ጎጆ ሦስት ሰው ነበረባት፤ አራተኛና አምስተኛ ባልከለከለች ነበር። በየተራ መጥተው ቢጠይቁን ግን «ጠባብ ናት» ብለን መለስናቸው። በመጨረሻም ከሰፈሩ ዳር የፈረሰች ጎጆ አድሰው አብረው ገቡ።

ቁራሽ ሊለምኑ ሲወጡ የላስታው ልጅ ዱላ ይዞ ከፊት እየሄደ ውሻ ይከለክላል፤ ከደጅ ሲደርሱ ግን አንደበቱ ያሳፍረዋልና «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ዐይነ ስውሩ ነው። ማታ በእሳት ብርሃን አንዱ ያነባል፣ ሁለተኛው ሳይቸኵል ይሰማል፤ ዐይነ ስውሩም አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳምና ጧት ለጓደኛው ይደግምለታል። እጅግ ያስደነቀን፣ የላስታው ልጅ ለእርሱ ሲያነብ አንደበቱ እምብዛም አይያዝም ነበር። የማይሥቅ ጆሮ አግኝቷልና።

ክረምት ሲገባ ተስቦ ገባ፤ የላስታው ልጅም ታመመ። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ያን ጊዜ አናውቅም፤ በትንፋሽ የሚጋባ መስሎን ሁላችን ሸሸን። ዐይነ ስውሩ ግን በበትሩ እየዳሰሰ፣ በጭቃው እየወደቀና እየተነሣ ከምንጭ ውኃ ይቀዳለት ነበር። አንድ ሌሊት ከደጃችን ቆሞ እሳት ለመነን። ፍም በገል ሰጠነው እንጂ ተከትለነው አልሄድንም። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ፤ በሽተኛውንም በበቅሎ አስጭነው ወደ ጤና ጣቢያ አስወሰዱት፤ መድኃኒት አግኝቶ ዳነ። በማግሥቱ በጉባኤ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ከእናንተ መካከል ዐይነ ስውሩ ማን ነው?» የመለሰ አልነበረም። እኛም ቅስና ተቀብለን ወንበር ዘርግተን ስናስተምር ያ ጥያቄ ከልባችን አልወጣም።

ምእመናን ሆይ፤ እውነተኛ ወዳጅነት በሁለቱ ብቻ አያበቃም። ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ከሞተ በኋላ ዳዊት ነግሦ ሳለ ቃል ኪዳኑን አልረሳም። ሁለቱም እግሮቹ ሽባ የሆኑትን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ከሎዶባር አስመጥቶ የአያቱን ርስት መለሰለት፤ በማዕዱም ዘወትር አስቀመጠው። በእረኝነት ጊዜ የተቀበለውን ፍቅር በንግሥናው ጊዜ ለአካል ጉዳተኛው ከፈለ።

ዛሬም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የወረደ፣ በትምህርት ቤት የሚሣቅበት፣ በሰው አገር በሰው ማጀት የምታለቅስ ልጅ አለች። እነዚህ ከእኛ የሚሹት ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የማይሥቅ ጆሮና ከመንገዱ ጋር የሚሄድ እግር ነው። ወላጆች ልጆቻችሁ ከማን ጋር እንደሚውሉ ስትጠይቁ፣ ማንን ብቻውን እንደ ተዉትም ጠይቁ። ወጣቶች ሆይ፤ ከዳር የተቀመጠውን ቅረቡት። እኛ እንዳልነው «ጎጆዬ ጠባብ ናት» አትበሉ፤ ጠባቡ ጎጆው ሳይሆን ልባችን እንደ ነበረ ዘግይተን ዐውቀናልና።