ለሁሉም አንድ መለኪያ ፍትሕ ነውን?

የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መታየቱ ከተነገረ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተ ሰቦቻቸው ተመለሱ። ያ ጊዜ ቢያልፍም ትቶልን የሄደው ጥያቄ አላለፈም፤ ይኸውም በመከራ ጊዜ ተማሪን በምን መለኪያ ልንመዝነው ይገባል? የሚለው ነው።

ተማሪዎቹ የተመለሱት ወደ አንድ ዓይነት ቤት አልነበረም። አንዱ መብራትና ኢንተርኔት ወዳለበት ክፍል ሲገባ፣ ሌላው የስልክ ሞገድ ፍለጋ ኮረብታ ወደሚወጣበት መንደር ገባ። አንዲቱ ስታነብ ስትውል፣ ሌላዪቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ደብተሯን የምትገልጠው ሌሊት ነበር። ብዙዎቹን ያስጨነቃቸው ግን አንድ ፍርሃት ነው፤ «ወደ ኋላ እቀራለሁ» የሚል። ወላጆች በፍቅር የሚያቀርቡት «መቼ ትመረቃለህ?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ሸክሙን ያከብደው ነበር።

ብርቱ ሰው በችግር አይበገርም የሚሉ ወገኖች የአይዛክ ኒውተንን ታሪክ ይጠቅሳሉ። እ.አ.አ. በ1665 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ፣ ኒውተን በገጠር ቤቱ ሆኖ ታላላቅ የሒሳብና የተፈጥሮ ምርምሮችን አካሄደ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን አስቀድሞ የተቀበለና የቤተ ሰብ ርስት የነበረው ሰው ነው። የአንድ ሰው ብልጫ ለሺዎች ሕግ ሊሆን አይችልም።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል፣ ሕግ በጠቅላላው ስለሚናገር ያላሰበው ጉዳይ ሲያጋጥም ርትዕ ሊያቃናው እንደሚገባ ያስተምራል። ለዚህም የሌስቦስ ግንበኞችን መለኪያ በምሳሌነት ያነሣል፤ መለኪያው ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ በመሆኑ እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፍ ነበር። ይታጠፍ እንጂ መለካቱን አልተወም።

እንግዲህ ያልተማረ ይመረቅ ማለታችን አይደለም፤ ያልበቃ ሐኪም የሚጎዳው በሽተኛውን ነውና። የዕውቀቱ ልክ አይጉደል፤ የሚታጠፈው የጊዜው ገደብና የማስተማሪያው መንገድ ይሁን። መምህር ውጤት ከመጻፉ በፊት «የምታነበው የት ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ወላጅም ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያመዛዝን። ፈተና አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያውቀውን ይለካል፤ የሰውየውን ዋጋ ግን አይለካም። ይህን ልዩነት ለወጣቶቻችን በደኅናው ዘመን ካላስተማርናቸው፣ በክፉው ቀን ሊያስታውሱት አይችሉም።