የንስሐ አባት ለእናት ምን ይመልስላት?

በገጠራችን የምትኖር ምእመን፥ ልጅ አከታትላ ከመውለድ ጥቂት ለማረፍ ስትሻ፥ ብዙ ጊዜ ከሐኪም አስቀድማ የምትጠይቀው የንስሐ አባቷን ነው። ጥያቄዋም «ወሊድን ማራራቅ የእግዚአብሔርን ስጦታ መግፋት ይሆንብኝ ይሆን?» የሚል ነው። (ስለ ፅንስ ማስወረድ በዚህ አንናገርም፤ እርሱ ሌላ ነገር ነው።)

ቤተ ክርስቲያናችን ለወለደች ሴት፥ ልጁ ወንድ ቢሆን 40፥ ሴት ብትሆን 80 ቀን ወስናለች፤ በአጽዋማትም ባልና ሚስት ተስማምተው ከመኝታ እንዲለዩ ታስተምራለች። ስለዚህ በጋብቻ ውስጥ ጊዜን መለየት ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም፥ እናት ከወለደች በኋላ ዳግመኛ እስክትፀንስ ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል፤ ፅንሱ የተቻኰለ እንደ ሆነ በእርሷም በሕፃኑም ላይ አደጋ ይበዛልና። የቀኖናው ቀንና የሐኪሞች ቁጥር አንድ ነው ማለታችን ግን አይደለም።

«በመታቀብ ትጽና» የሚሉ አባቶች አሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን መታቀብ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው። ባል ሳይታገሥ የትዕግሥቱን ሸክም በሚስቱ ላይ ብቻ ጭኖ ማሰናበት እንዴት ያለ ምክር ነው? ካህን አስቀድሞ ሊጠራው የሚገባ ባልየውን ነው። እርሱ እምቢ ያለ እንደ ሆነስ? በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የሠለጠኑ እኅቶች፥ በየቀበሌው ጤና ኬላ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንና መርፌ ይሰጣሉ። ወደ እነርሱ የሄደችውን እናት ከሃይማኖት እንደ ወጣች መቍጠር፥ በእኛ አሳብ፥ ከአባትነት የራቀ ነው። ተግሣጹን ፈርታ በስውር ብትሄድ፥ መድኃኒቱም ባይስማማት፥ ለማን ትናገራለች?