ባንዲራው በማን እጅ ነው?

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ በተከፈተችበት ቀን የሙስሊሙ ሠራዊት ጎሳ በጎሳ፣ እያንዳንዱም የየራሱን ባንዲራ ይዞ ያልፍ ነበር። የአንሷሮች ባንዲራ በሰዕድ ኢብኑ ዑባዳህ (ረ.ዐ) እጅ ነበረ። ሰዕድ በአቡ ሱፍያን አጠገብ ሲያልፍ ቀኑ የእልቂት ቀን እንደሆነ፣ የካዕባም ክልከላ እንደሚነሳ ተናገረ። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ሰዕድ መሳሳቱን፣ ይልቁንም ቀኑ አላህ ካዕባን የሚያልቅበት መሆኑን ገለጹ። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። የሲራ ጸሐፊዎች ደግሞ ባንዲራው ከሰዕድ እጅ ተወስዶ ለልጁ ለቀይስ መሰጠቱን ያወሳሉ።

ልብ እንበል። ባንዲራው አልተቀደደም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። የተለወጠው ያዡና ከሥሩ የሚነገረው ቃል ነው። አንሷሮችም አልተዋረዱም፤ ልጅ የአባቱን ቦታ ተረክቧልና። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰዎችን ክብር ሳይነኩ በደልን ከለከሉ።

ዛሬ ይህን የምናነሳው በአገራችን የባንዲራ ነገር ወንድምን ከወንድም ስለሚያጣላ ነው። በመስከረም 2011 አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በባንዲራ ቀለም ቅብ ሲጋጩ አይተናል። ዛሬም በየስልካችን ላይ ጸቡ አልበረደም። የሚያሳዝነው በአንድ መስጂድ፣ በአንድ ሶፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሰገዱ ሁለት ወጣቶች ከሶላት በኋላ ስልካቸውን ከፍተው በባንዲራ መሰዳደባቸው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ጨርቅ ለሁሉም አንድ ታሪክ ስለማይናገር ነው።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ልሙጡን ባንዲራ የሚወድ ሰው አድዋን ያያል። ማይጨው ወጥቶ የቀረውን አያቱን ያያል። የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡ እነዚህን ቀለማት መምረጣቸውን ያስታውሳል። ከእነዚያ አገሮች መካከል ደግሞ ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው ሴኔጋል፣ ማሊና ጊኒ ይገኛሉ። ይህ ፍቅር የተፈጠረ ተረት አይደለም።

በንጉሡ ዘመን በነበረው ባንዲራ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋና መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳ ነበር። እሱን ሲያይ ሌላ ነገር ትዝ የሚለው ሰው አለ። የወሎ ሙስሊም በ1870 ዓ.ም ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ ዘመን የታወጀውን ሃይማኖትን የማስለወጥ ትእዛዝ ከአያቶቹ ሰምቷል፤ እምቢ ብለው የታገሉትን ሸኽ ጦልሃንም ያወሳል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗ የመንግሥት ሃይማኖት ሆና መደንገጓን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም አሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ከጠየቁት ነገር አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባልን ነበር። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ወጥተው ነበር። ይህ ሕመምም የተፈጠረ ተረት አይደለም።

ሁለቱ ትዝታዎች አንዳንዴ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ከቦሩ ሜዳ በኋላ ሚካኤል ተባሉ። እኚሁ ራስ ሚካኤል ጦራቸውን አስከትለው አድዋ ላይ ተዋጉ። እንግዲህ የወሎ ልጅ የትኛውን ታሪክ ቆርጦ ይጣል? የትኛውንም መጣል የለበትም። ሁለቱም ሆነዋል።

ኮከብ ያለበትስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ዓርማው ብሔር ብሔረሰቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንደሚያንጸባርቅ ይገልጻል። አንዱ በዚህ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አገኘ። ሌላው የአንድ ድርጅት ማኅተም አድርጎ አየው። እኛ ደግሞ «ድምፃችን ይሰማ» ያልንባቸውን ዓመታት አንረሳም፤ የኮሚቴው አባላት የታሰሩት፣ በ2007ም የተፈረደባቸው በዚሁ ዓርማ ሥር ነው። ስለ እኩልነት የሚናገር ዓርማ በራሱ እኩልነትን አያመጣም። ፍትሕን የሚያደርገው ወይም የሚነፍገው ባንዲራውን የያዘው ሰው ነው። የሰዕድ ታሪክም ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕ እንዳናደርግ እንዳይገፋፋን አዞናል። በሱረቱል ሑጁራትም አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ከልክሏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ለወገንተኝነት እየተቆጣ ከዕውር ባንዲራ ሥር ሲዋጋ የሞተ ሰው አሟሟቱ የጃሂሊያ አሟሟት እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። ባንዲራን ዕውር የሚያደርገው ቀለሙ አይደለም። የወገንን በደል አላይም፣ የሌላውን ሕመም አልሰማም ማለት ነው።

ስለዚህ አገርህን ውደድ። ባንዲራህንም ያዝ። ግን ያ የምትወደው ባንዲራ ሌላውን ሲያስለቅሰው ብታይ ከመሳደብህ በፊት «ምን አይተህ ነው?» ብለህ ጠይቀው። አንተም ተበዳይ ከሆንክ ያንን ባንዲራ አቅፎ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ በዳይህ እንዳልሆነ እወቅ፤ ምናልባት ያቀፈው የሞተ አባቱን ነው። ከማጋራትህ በፊት ደግሞ ይህ ጽሑፍ እውነት ነው ወይ? የማንን ልብ ይሰብራል? ነገ አላህ ፊት ብጠየቅበትስ? በል። የተሳሳተው የራስህ ወገን ከሆነ ደግሞ ቀድመህ አርመው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዕድ የራሳቸው ሰው ነው ብለው ዝም አላሉም።

የቂያማ ቀን ለከዳተኛ ሁሉ የክህደቱ ባንዲራ እንደሚተከልለት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል። በዚያ ቀን የምስጋናው ባንዲራ፣ ሊዋኡል ሐምድ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እጅ ይሆናል፤ ነቢያትም ሁሉ ከሥሩ ይሰለፋሉ። ያኔ ከየትኛው ባንዲራ ሥር እንደምንቆም የሚወስነው ዛሬ በሰው ላይ የምንሠራው ነው።

ያ አላህ! አገራችንን የሰላም አገር አድርግልን። የተበደለን እንድንክስ፣ ያዘነን እንድናጽናና አግዘን። በልባችን ውስጥ ለአማኞች ቂም አታኑርብን፣ ለሌሎች ጎረቤቶቻችንም ፍትሐዊ አድርገን። በሊዋኡል ሐምድ ሥር ሰብስበን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት እናብዛ።